ከካራክተሩ ያልመጣ ትዊስት አይጥመኝም፦ ስለ ሲሪስ ፊልሞች የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሲሪስ ፊልሞች፣ ስለ ካራክተሮቻቸውና ስለ ፕሎት ትዊስት (ታሪኩ ድንገት ሲገለበጥ) ያላችሁን ጥያቄ አምጡ ብዬ ነበር፣ እስከቻልኩት ልመልስ። ስፖይለር (የታሪኩን ምስጢር ቀድሞ የሚያወጣ ነገር) በሽ ነው፤ ጌም ኦፍ ትሮንስ፣ ብሬኪንግ ባድ፣ ፕሪዝን ብሬክ፣ መኒ ሀይስት፣ ስኩዊድ ጌም፣ ሎስት፣ ዎኪንግ ዴድ ያልጨረሳችሁ መጀመሪያ ጨርሱና ተመለሱ። ዓመተ ምህረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ ጥሩ ትዊስትን ከቀሽሙ በምን ትለየዋለህ? እኔ ካስደነገጠኝ በቃ ጥሩ ነው ባይ ነኝ።

መልስ፦ ማስደንገጥማ ቀላል ነው እኮ። የምንወደውን ካራክተር ድንገት መኪና ቢገጨው ሁላችንም እንደነግጣለን፣ ደራሲው ግን ምንም አልለፋም። እኔ የምለካው ድጋሚ ሳየው ነው፣ ምስጢሩን አውቄ ከመጀመሪያው ስጀምረው በፊት ዝም ብዬ ያለፍኳቸው ነገሮች ትርጉማቸው ከተቀየረ ያ ትዊስት የተለፋበት ነው። ስኩዊድ ጌምን (2021) እንይ፣ 001 ቁጥር የለበሰው ሼባ የጨዋታው ባለቤት መሆኑ መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው ግን ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ እያሳዩን ነበር። ሰው ሁሉ የተንቀሳቀሰውን የምታስገድለዋን ትልቋን አሻንጉሊት ፈርቶ ሲንቀጠቀጥ እሱ እንደ ልጅ ፈገግ እያለ ነው የሚሄደው። ማታ መብራት ጠፍቶ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ሲጨራረሱ አልጋ ላይ ወጥቶ አቁሙ ፈርቻለሁ እያለ ሲጮህ ግድያው ወዲያው እንዲቆም ይደረጋል። የብይ ጨዋታው ላይ ደሞ ሲሞት አላየንም፣ የተኩስ ድምፅ ብቻ ነው የሰማነው፣ ብዙዎቻችን ሀዘን ላይ ስለነበርን ሬሳውስ የታለ ብለን አልጠየቅንም። ደራሲው አልዋሸንም፣ እኛ ነን ምስኪን ሽማግሌ ነው ብለን ያለፍነው። እንዲ ሲሆን ነው እኔ የምደሰተው።

ጥያቄ፦ ጌም ኦፍ ትሮንስ ላይ ዴነሪስ ከተማውን ማቃጠሏ ልክ ነው ወይስ ደራሲዎቹ አበላሹት? ከወንድሜ ጋር እስካሁን እንጣላበታለን።

መልስ፦ ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ ልክ ናችሁ። የደረሰችበት ቦታ ልክ ነው፣ ያደረሷት ፍጥነት ነው የተበላሸው።

መጀመሪያ ልክ የሆነበትን ልንገርሽ። ወንድሟ ቪሰሪስ ጭንቅላቱ ላይ የቀለጠ ወርቅ ሲፈስበት ፊቷን ሳታዞር ነው ያየችው፣ ይሄ ገና ሲዝን 1 ነው። ሚሪን የሚባል ከተማ ላይ 163 ባለ ባሪያዎች ሰቅላለች፣ የተሰቀሉት ባሪያ ህጻናት 163 ስለነበሩ በቁጥራቸው ልክ ማለት ነው፣ ከሰቀለቻቸው ውስጥ ማን አድርጎታል ማን ተቃውሟል ብላ አላጣራችም። ሲዝን 7 ላይ አልንበረከክም ያሏትን አባትና ልጅ በድራጎን እሳት አቃጥላለች። እኛ ግን ያኔ እያጨበጨብንላት ነበር፣ ለምን መሰለሽ፣ የሚሞቱት የምንጠላቸው ሰዎች ስለነበሩ። ይሄ በጣም ጥልቅ ሀሳብ ነው የምር፣ ተመልካቹ ራሱን እንዲጠይቅ የሚያደርግ ነው።

ያበላሹት ደሞ እዚ ጋ ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 ሲዝኖች እያንዳንዳቸው 10 ክፍል ነበራቸው፣ 7ኛው 7 ሆነ፣ የመጨረሻው 6 ብቻ። ታማኝ ጠባቂዋ ጆራ 3ኛው ክፍል ላይ ይሞታል፣ አንዱ ድራጎኗና ጓደኛዋ ሚሳንዴ 4ኛው ላይ፣ 5ኛው ላይ ደወሉ ተደውሎ ከተማው እጅ ከሰጠ በኋላ ማቃጠል ትጀምራለች። ይሄ ሁሉ ሀዘን ሰው ውስጥ ገብቶ ወደ ጭካኔ እስኪለወጥ ጊዜ ይፈልጋል፣ ብቻዋን ሆና ስታስብ፣ ስትጠራጠር፣ ራሷን ስታሳምን ማየት ነበረብን። በዛ ላይ ማቃጠል ከጀመረች በኋላ ካሜራው መሬት ላይ ካለው ህዝብ ጋር ነው የሚቆየው፣ እሷ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት በፈለግንበት ሰአት ራቀችን። በ2019 የመጨረሻው ሲዝን እንደገና ይሰራልን ብሎ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው የፈረመው ብዙው እሷን ስለወደደ ብቻ አይመስለኝም፣ የቸኮለ ነገር ተመልካቹን እንደ መናቅ ስለሚቆጠር ነው።

ጥያቄ፦ እዛው ጌም ኦፍ ትሮንስ ላይ ኔድ ስታርክ ሲሞት ማየት አቆምኩ። ዋናውን ካራክተር ገድሎ ምን ሊያሳየኝ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ ተመለስና ጨርሰው። ሲዝን 1 ክፍል 9 ላይ የሞተው ደራሲው ሊያስደነግጥህ ስለፈለገ ብቻ አይደለም፣ በራሱ ምርጫ ነው የሞተው። የንግስቲቱን የሰርሴይን ምስጢር (ልጆቿ የንጉሱ አለመሆናቸውን) ደርሶበት ልጆችሽን ይዘሽ ሽሺ ብሎ ለራሷ የነገራት እሱ ነው፣ ሊትልፊንገር የሚባለውን ተንኮለኛ ያመነውም እሱ ነው። ደግነቱ ነው የገደለው፣ የወደድነውም በደግነቱ ነው። ከዛ ሞት ውስጥ ደሞ የልጆቹ የሮብ ጦርነት፣ የአርያ ስደት፣ የሳንሳ እስር፣ ታሪኩ ሁሉ ነው የሚወጣው።

ጥያቄ፦ ሲዝን በክሊፍሃንገር (ታሪኩን አንጠልጥሎ በመተው) ሲያልቅ በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ በተለይ ዎኪንግ ዴድ። አንተስ?

መልስ፦ ክሊፍሃንገሩን አልጠላም፣ አጠቃቀሙን ነው። ኤፕሪል 2016 ላይ የጠላቶቹ መሪ ኔጋን ዱላውን ሲያነሳ ማንን እንደመታ ሳያሳዩን ሲዝኑን ዘጉት፣ እስከ ኦክቶበር ጠብቀን ነው ኤብርሃምና ግሌን መሆናቸውን ያወቅነው። ስድስት ወር ሙሉ ሰው ስለ ሀዘኑ ከማውራት ይልቅ ማን ይሆን እያለ ሲገምት ነበር፣ ግሌንን የሚያክል ከመጀመሪያው ሲዝን ጀምሮ አብሮን የነበረ ልጅ እንደ ሎተሪ እጣ ሆነ። ያው በፊትም እዛው ሲዝን ላይ ግሌን የሞተ አስመስለው አታለውን ስለነበር ሁለተኛው ላይ ብዙ ሰው ልቡ ደንድኖ ነበር የጠበቀው።

ዳላስ ከሚባለው የድሮ የአሜሪካ ሲሪስ ጋር አወዳድሪው። ማርች 1980 ላይ ዋናው ተንኮለኛ ጄ አር በጥይት ተመታ፣ ማን እንደተኮሰበት የታወቀው ኖቬምበር ላይ ነው፣ የተዋናዮች የስራ ማቆም አድማም ስለነበር የበለጠ ዘገየ፣ መልሱ የወጣበትን ክፍል አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 83 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። እሱ ለምን ሰራ? ጄ አር ያልበደለው ሰው አልነበረማ! ሚስቱም፣ የሚስቱ እህትም፣ የንግድ ጠላቶቹም ሁሉም ምክንያት አላቸው፣ ስለዚ ተመልካቹ ሲጠብቅ ካራክተሮቹን እያሰበ ነው የሚጠብቀው። ዎኪንግ ዴድ ላይ ግን ኔጋን ማንንም ሊመታ ይችላል፣ የምታስቢበት ነገር የለም፣ መጠበቅ ብቻ።

ጥያቄ፦ ስካይለርን (ብሬኪንግ ባድ) የማትጠላ ሰው አለህ? እኔ አልቻልኳትም።

መልስ፦ እኔ አልጠላትም፣ ይሄን ጥያቄ ስላመጣህው ደሞ ደስ ብሎኛል ምክንያቱም ሰው የሚጠላት በሰራችው ስራ ሳይሆን ካሜራው በቆመበት ቦታ ይመስለኛል። ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ከባሏ ከዋልተር ጋር ነን፣ ካንሰር እንዳለበት ከሚስቱ ቀድመን እኛ አወቅን፣ ሲዋሻት አብረን እየደበቅን ነው ማለት ይቻላል። እሷ የት ነበርክ ብላ ስትጠይቅ ታሪኩን የምታቆምብን ትመስለናለች፣ እኛ ደሞ ታሪኩ እንዲቀጥል ነው የምንፈልገው። በ1956 ሆርተንና ዎል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተመልካች ስክሪን ላይ ካለ ሰው ጋር የእውነት የሚያውቀው ያህል ቅርበት እንደሚሰማው ጽፈው ነበር፣ ዋልተርም እንደዛ ነው የሆነብን፣ ዘመድ ሆኗል፣ ዘመድን የሚነካ ደሞ ይጠላል።

እስኪ ስራቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው። ዋልተር የአጋሩ የጄሲ ፍቅረኛ ጄን በትውከቷ ስትታነቅ አልጋው አጠገብ ቆሞ እያየ ዝም አለ። ብሮክ የሚባለውን ህጻን በመርዝ አሳመመ። ስካይለር ከአለቃዋ ከቴድ ጋር ሄዳለች፣ የዋልተርን የዕፅ ብር አጥባለች፣ አዎ ንጹህ አይደለችም፣ ግን ልጆቿ ያሉበት ቤት ውስጥ አደገኛ ሰው እንዳለ አውቃ የፈራች ሴት ናት። ዋልተር ራሱ እኮ የመጨረሻው ክፍል ላይ ለቤተሰቤ ብዬ ነው የሚለውን ትቶ ለራሴ ብዬ ነው ብሎ ይነግራታል፣ እሷ ከድሮ ጀምሮ የጠረጠረችውን ነው ያመነላት። ጥላቻው አክተሯ ድረስ ሄዶ አና ጋን በ2013 ኒውዮርክ ታይምስ ላይ እስከ መጻፍ ደርሳለች። ካራክተር መጥላት መብታችን ነው፣ የተጫወተችውን ሰው መሳደብ ግን በጣም ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ብሬኪንግ ባድ ላይ ጄሲ መጀመሪያ ሲዝን ላይ ሊሞት ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ደራሲው ቪንስ ጊሊጋን እንደዛ አስቦ ነበር፣ ጄሲን የተጫወተውን የአሮን ፖልን ስራ ሲያይ ነው የተወው። ሎስት ላይም ዋናው ካራክተር ጃክ ገና የመጀመሪያው ክፍል ላይ እንዲሞት ነበር የታሰበው።

ጥያቄ፦ ሎስትን ካነሳህ አይቀር፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ሞተው ነበር አይደል?

መልስ፦ አይደለም! ይሄ ነገር ከ2010 ጀምሮ እየተደጋገመ ነው። አውሮፕላኑ ከተከሰከሰ በኋላ ደሴቱ ላይ የሆነው ሁሉ የእውነት የሆነ ነው፣ የጃክ አባት መጨረሻ ላይ በግልጽ ይነግረዋል። የመጨረሻው ሲዝን ላይ ጎን ለጎን የሚታየው ሌላው ህይወት ነው ከሞት በኋላ ያለው፣ እዛም አንዳንዱ ቀድሞ ሌላው ከብዙ ዘመን በኋላ ሞቶ ነው የሚገናኙት። ሰው የተምታታበት ፊልሙ አልቆ የሰሪዎቹ ስም ሲወርድ የአውሮፕላኑ ስብርባሪ ሰው የሌለበት ባህር ዳርቻ ላይ ስለታየ ነው። ብዙ ጥያቄ ሳይመልስ ማለፉ ላይ ብትወቅሰው ግን አልከራከርህም።

ጥያቄ፦ የሞተ ካራክተር ሲመለስ ደስ ይልሃል? ፕሪዝን ብሬክ ላይ ሳራ ስትመለስ ጮቤ ነው የረገጥኩት።

መልስ፦ ደስታሽ ይገባኛል፣ ግን እኔ ተናድጃለሁ። ሲዝን 3 (2007) ላይ ሊንከን ጭንቅላቷን ሳጥን ውስጥ አይቷል፣ ወንድሙና የእሷ ፍቅረኛ ማይክል በዛ ሀዘን ነው የተንቀሳቀሰው፣ ከዛ በ2008 ጭንቅላቱ የሌላ ሰው ነው ተባለና ተመለሰች። ከዛ ማይክል ሞተ፣ በ2017 እሱም ተመለሰ። አንዴ እንደዚ ከተደረገ በኋላ ማንም ሲሞት አላምንም፣ ሳላምን ደሞ አላዝንም። ከሁሉም የባሰው ዳላስ ነው፣ ሞቶ የነበረው የጄ አር ወንድም ቦቢ በ1986 ሻወር ውስጥ ተገኘና አንድ ሙሉ ሲዝን የሚስቱ ህልም ነበር ተባለ።

ጥሩ አድርገው የመለሱት መኒ ሀይስቶች ናቸው። ከዘራፊዎቹ አንዱ በርሊን ሞቷል፣ ሞቶም ቀረ፣ የሚመጣው በፍላሽባክ (ያለፈውን በሚያሳይ ትእይንት) ብቻ ነው። ስለዚ ስናየው ደስ ይለናል ግን እንደሞተም እናውቃለን፣ ሞቱ አልተሰረዘም።

ጥያቄ፦ ቶኪዮስ? ታሪኩን የምትነግረን እሷ ሆና እንዴት ትሞታለች?

መልስ፦ ተራኪ የሆነ ሰው በህይወት አለ ብለን የገመትነው እኛ ነን፣ ፊልሙ ቃል አልገባልንም። አሟሟቷ ደሞ የራሷ ነው፣ ያለ እቅድ በስሜት የምትነሳ ሴት አንዴ አስባበት የወሰነችው ውሳኔ ነው። አልቅሻለሁ።

ጥያቄ፦ ፋኖች ትዊስቱን ቀድመው ካወቁበት ደራሲው መቀየር የለበትም?

መልስ፦ በፍጹም። የጌም ኦፍ ትሮንሱ የጆን ስኖው እናትና አባት እነማን እንደሆኑ የመጽሐፉ አንባቢዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ገምተውት ነበር፣ ፊልሙ ላይ በ2016ና በ2017 ሲገለጥ የሚያውቁትም የማያውቁትም እኩል ነው የተደሰቱት። ሰው መገመት የቻለው ፍንጩ በትክክል ስለተቀመጠ ነው፣ ያንን ለመሸሽ ብትቀይረው በፊት የዘራኸው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

መቀየር ያለበት ሌላ ጊዜ ነው፣ ካራክተሮቹ ከእቅዱ በላይ ሲያድጉ። ቴድ እናታቸውን እንዴት እንዳገኛት ለልጆቹ የሚተርክበት ሃው አይ ሜት ዩር ማዘር ላይ የልጆቹን የመጨረሻ ትእይንት ገና መጀመሪያ አካባቢ ነው የቀረጹት፣ ልጆቹ ሳያድጉባቸው ማለት ነው፣ እስከ 2014 ድረስ አስቀመጡት። በመሀል ግን ሮቢንና ባርኒ ተለውጠዋል፣ እናትየዋም መጥታ ሁላችንም ወደናታል። የመጨረሻውን ሲዝን ሙሉ የሮቢንና የባርኒን ሰርግ አሳይተውን በአንድ ክፍል አፋትተው፣ እናትየዋን ገድለው ቴድን ወደ ሮቢን መለሱት። ከብዙ አመት በፊት ለነበሩት ካራክተሮች የሚሆን መጨረሻ ነው ለእነዚኞቹ የሰጧቸው።

ጥያቄ፦ ስፖይለር የምር ፊልም ያበላሻል?

መልስ፦ በ2011 ሳን ዲዬጎ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች ለሰዎች አጫጭር ልብወለድ ሰጥተው ሞክረውት ነበር፣ መጨረሻው ቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች እንደውም በትንሹ የበለጠ ወደውታል። ያ አጭር ልብወለድ ነው፣ ለአምስት አመት የተከታተልሽው ሲሪስ ይለያል ብዬ ነው የማስበው። ለማንኛውም ሰው የመጀመሪያ እይታው አንዴ ብቻ ነው ያለው፣ ካልጠየቀሽ አትንገሪው።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ብሬኪንግ ባድ ሊጀምር ነው፣ ምን ብዬ ላዘጋጀው?

መልስ፦ ምንም አትበለው፣ ይሄንንም አታሳየው። ቀስ ይላል ካለህ የመጀመሪያው ሲዝን 7 ክፍል ብቻ ነው ታገስ በለው። ሁለተኛው ሲዝን ሲያልቅ ስለ ዋልተር ምን እንደሚያስብ ጠይቀው፣ አምስተኛው ላይ ያንኑ ጥያቄ ድገምለት፣ ከፈቀደ መልሶቹን አምጣልኝ፣ ማወቅ እፈልጋለሁ።