ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ለአረፋ ጠርታኛለች፣ ኦርቶዶክስ ስለሆንኩ ሥጋውን አልበላም። ልቅር?

መልስ፦ ሂጂ እንጂ! ሙስሊም ያረደውን እንደማትበዪ እሷም ታውቃለች። ለፋሲካ አንቺ ቤት ስትመጣ እሷስ ዶሮሽን መች ትነካለች?

ግን ድስቱ ሳይጣድ ዛሬውኑ ንገሪያት። «ቡናሽን ልጠጣ ነው የምመጣው፣ ሥጋ አታቅርቢልኝ» በያት። ምናልባት ሽሮ ለብቻሽ ትሠራልሻለች። ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ ቅቤም እንዳትጨምርበት ንገሪያት። በሠርግማ ለክርስቲያንና ለሙስሊም እንግዳ ለየብቻ ማረድ የቆየ ልማድ ነው፣ ማንም አይቀየምም። ዱዓ ሲያደርጉ ዝም ብለሽ ቁጭ በይ፣ ይበቃል።

ብቻ «ጨጓራዬን አሞኛል» ብለሽ እንዳትዋሺ። እኔ አንዴ ብዬ ማታ ጎረቤቴ አጥሚት ይዛልኝ መጣች። እያፈርኩ ጠጣሁት።