በሰሌዳ ለሚናገር ልጅ በሰሌዳ የሚናገር አርአያ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ ከቡሬ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላ፣ ከባሕር ዳርና ከሞጣ የመጡ ናቸው። እዚህ ላይ አርአያ የምለው በአፉ የማይናገር ወይም ንግግሩ ለሰው የማይለይ፣ ሥዕል ወይም ፊደል እየጠቆመ በሥዕል ሰሌዳ፣ በፊደል ገበታ ወይም በታብሌት የሚግባባና ይህንኑ ለታናሹ የሚያሳይ ሰው ነው።

የ9 ዓመት ልጅ እናት፣ ቡሬ፦ ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት። የሥዕል ሰሌዳ ከተሠራለት ዓመት አለፈው። ስንጠይቀው ይጠቁማል እንጂ ከራሱ ወሬ አይጀምርም። ሌላ በሰሌዳ የሚናገር ሰው ቢያይ ምን ይጨምርለታል?

መልስ፦ በአፉ የሚናገር ልጅ የመጀመሪያዋን ቃል ከማውጣቱ በፊት ዓመት ሙሉ ሲወራ ይሰማል። የእርስዎ ልጅ በሰሌዳ ሲወራ ያየው ማንን ነው? ቤተሰቡ በሙሉ በአፉ ያወራል፤ ሰሌዳው የሚወጣው "ውሃ የቱ ነው? አሳየኝ" ለማለት ነው። ስለዚህ ሰሌዳ መፈተኛ መስሎታል።

ከዛሬ ጀምሮ በእጅዎ ያለው መፍትሔ፣ እርስዎ ሲያወሩ ዋናውን ቃል በእሱ ሰሌዳ ላይ መንካት ነው። "ቡናው ፈላ" ሲሉ ቡናን ይንኩ። ድገም አይበሉት። ይህ ግን ሁሉን አያስተምርም። ሰው በሚያወራበት መሃል መግባት፣ መቀለድ፣ አድማጭ ቸኩሎ ሲገምት "አይደለም፣ ገና አልጨረስኩም" ማለት፣ እነዚህን በሰሌዳ ሲኖር የቆየ ሰው ሲያደርጋቸው ማየት አለበት። በአብነት ትምህርት ቤት ጀማሪውን ብዙ ጊዜ የሚያስቀጽለው ቀድሞት የገባ ተማሪ ነው፤ ጀማሪ የት ላይ እንደሚሰናከል ገና አልረሳምና።

መምህር፣ ደብረ ማርቆስ፦ በኮምፒውተር ድምፅ ይናገር የነበረውን የፊዚክስ ሊቅ፣ የስቴፈን ሆኪንግን ቪዲዮ ማሳየት አይበቃም?

መልስ፦ ያሳዩ፣ ግን አይበቃም። ሆኪንግ እስከ አርባዎቹ ዕድሜው ድረስ በአፉ ተናግሯል፤ ድምፁን ያጣው እ.ኤ.አ. በ1985 በጉሮሮው ላይ በተደረገ ቀዶ ሕክምና ነው። ቋንቋን የተማረው እንደማንኛውም ልጅ በአፉ ነበር። ከልጅነት ጀምሮ ሰሌዳ የያዘ ልጅ መንገዱ ሌላ ነው። የሚያስፈልገው በእሱ ቋንቋ፣ በእሱ ዓይነት ወረቀት፣ ሱቅ ሄዶ ሳሙና የሚገዛ ሰው ነው።

የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ ፍኖተ ሰላም፦ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? ክፍያስ አለው?

መልስ፦ የአካቶ ትምህርት መርጃ ማዕከል ያለው ትምህርት ቤት፣ የሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍልና የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት ዘንድ ይጠይቁ። ፈጣን ስለሆነ ብቻ አይምረጡ፤ ሳይጠየቅ ወሬ የሚጀምረውን ይምረጡ። ከልጁ ከ3 እስከ 10 ዓመት ቢበልጥ ጥሩ ነው። ለሴት ልጅ ሴት አርአያ ብትገኝ ይመረጣል፤ የወር አበባንና ገላን የመሰለ ወሬ ከወንድ ጋር አይወጣም።

ክፍያ አለው። ለእሱና ለረዳቱ የትራንስፖርት፣ ለራሱ ደግሞ የሥራው ዋጋ ይከፈለው። "መጠራቱ ራሱ ያስደስተዋል" የሚለው አስተሳሰብ ነው በሁለተኛው ወር ሰውየውን የሚያስቀረው። ከቢሮ ጋር ሲነጋገሩ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ይዘው ይሂዱ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃዋለች፤ አንቀጽ 24 ስለ አማራጭ መግባቢያ ሲያነሣ የእኩዮችን ድጋፍ አብሮ ይጠቅሳል።

የልዩ ፍላጎት መምህርት፣ ዳንግላ፦ አንድ ጊዜ ሞክረን ነበር። ልጁም እንግዳውም ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ያወራነው እኛ ነን። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ብዙ ቦታ የሚበላሸው እንዲሁ ነው። በአፍ የሚናገር ሰው በደቂቃ 150 ቃል ገደማ ይላል፤ በሰሌዳ የሚናገር ብዙውን ጊዜ ከ15 በታች። በመሃል ያለውን ዝምታ ሰው አይችለውምና ይሞላዋል። በክፍሉ ውስጥ በአፉ የሚናገር ከሁለት ሰው በላይ አይኑር። አንዱ ከጠቆመ በኋላ ቢያንስ 10 ሰከንድ በልባችሁ ቁጠሩ። ዓረፍተ ነገሩን አትጨርሱለት።

እንግዳው ከቤቱ ሦስት ነገር አዘጋጅቶ ይምጣ፦ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ቀልድ፣ አንድ አቤቱታ ("መንገዱ አቧራ ነው" እንኳ ቢሆን)። ቅኔ በሚወደድበት አገር ቀልድ የሌለው ሰሌዳ ጎደሎ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ፊት ለፊት ከሆኑ ሰሌዳው ይገለበጥባቸዋል። ከ40 ደቂቃ አይለፍ፤ ክንድ ይደክማል። በልጁ ሰሌዳ ላይ "አንተ"፣ "አንቺ" እና "እርስዎ" ሦስቱም መኖራቸውን አስቀድመሽ እዪ። ታላቁን "አንተ" ለማለት የተገደደ ልጅ በሰው ፊት ያፍራል። "አልፈልግም"፣ "አቁም" እና "ጎዳኝ" ደግሞ በየገጹ አንድ ቦታ ላይ ይሁኑ።

አባት፣ ባሕር ዳር፦ ልጄ ማንበብ ጀምራለች። 231ዱን ፊደል እንዴት አድርጌ በአንድ ወረቀት ላስገባላት?

መልስ፦ አያስገቡት። ከ33ቱ ግዕዝ ድምፃቸው የሚደገመውን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን ሲያወጡ 28 ይቀራሉ። ኤ4 ወረቀት አግድም ይዘው፣ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ትተው፣ 7 ዓምድና 6 ረድፍ ያስምሩ። እያንዳንዱ ሳጥን ወርዱ 4፣ ቁመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከላይ ያሉት 4 ረድፎች 28ቱን ይይዛሉ። አምስተኛው አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኣ፣ ኤ፣ እ፣ ኦ ነው። ስድስተኛው "ቃሉ አለቀ"፣ "ተሳሳትኩ"፣ "እንደገና"፣ "አዎ"፣ "አይደለም"፣ "ቆይ"፣ "ሌላ ወሬ"።

አንድ ስምምነት አድርጉ፦ ፊደል ብቻዋን ከተነካች ሳድስ ናት። "ልብስ" ለማለት ለ፣ በ፣ ሰ፣ ሦስት ንክኪ ብቻ። "ቤት" በ፣ ኤ፣ ተ። ግዕዙን ስትፈልግ ከአምስተኛው ረድፍ "አ"ን ትጨምራለች፣ ራብዑን ስትፈልግ "ኣ"ን። "ሟ" እንደ "ሙዋ" ይጻፍ፤ አድማጩ ይረዳዋል። ጣቷ የማይታዘዝ ከሆነ እርስዎ የረድፎቹን ቁጥር በተራ ይጥሩ፣ የምትፈልገው ሲደርስ ዓይኗን ወደ ላይ ታንሣ፤ ከዚያ በረድፉ ውስጥ ያሉትን ፊደሎች በተራ። ፎቶ ኮፒ ቤት በላሚኔሽን ሲያሠሩ የማያብረቀርቀውን ይጠይቁ፤ የሚያብረቀርቀው ፀሐይ ላይ አይነበብም። ሦስት ቅጂ ያሠሩ፦ ለቤት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለአርአያዋ።

አያት፣ ቡሬ፦ ሰሌዳ አፉን አያሰንፈውም?

መልስ፦ አያሰንፈውም፣ እማማ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ በጥብቅ ዘዴ የተጠኑ 27 ሰዎችን ተመልክቶ የአንድም ሰው ንግግር እንዳልቀነሰ፣ የአብዛኞቹም እንደጨመረ አሳይቷል።

ወንድም፣ ፍኖተ ሰላም፦ የታብሌት ድምፅ በአማርኛ አለ?

መልስ፦ ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ደረቅ ነው። ለተለመዱ ዓረፍተ ነገሮች የሰው ድምፅ ቅዱ፣ ግን በዕድሜም በጾታም የሚቀርበውን። የ8 ዓመት ልጅ በጎልማሳ ወንድ ድምፅ ስትናገር ጓደኞቿ ይስቁባታል፣ እሷም ታብሌቱን ትተወዋለች። መብራት ሲጠፋ የወረቀቱ ሰሌዳ ከጎን ይኑር።

የ19 ዓመት ወጣት፣ ሞጣ (በስልክ ጽፋ የላከችው)፦ እኔ የምናገረው በፊደል ገበታ ነው። ቀርፋፋ ነኝ። ለልጆች አርአያ መሆን እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ፣ እህቴ፤ ቀርፋፋነትሽም ይጠቅማል። ልጁ ጣትሽ ወዴት እንደሚሄድ እየተከተለ ቀጣዩን ለመገመት ጊዜ ያገኛል። ስትሳሳቺ አትደብቂው፤ "ተሳሳትኩ"ን ነክተሽ በፊቱ አርሚ። ስትደክሚ "ደከመኝ" በዪና አቁሚ፤ ይህንንም ማየት አለበት። ከልጁ ጋር ያወራችሁትን ለእናቱ የምትነግሪው እሱ ሲፈቅድ ነው፤ የሚጎዳው ነገር ካለ ግን ለምታምኛቸው ለመምህሩ ወይም ለጤና ባለሙያ አሳውቂ። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ ለጉብኝት ብለሽ አዲስ ሰሌዳ አታሠሪ። ጠርዙ የተላጠውን፣ የወጥ ጠብታ ያለበትን፣ በየቀኑ የምትናገሪበትን ይዘሽ ሂጂ።