ልልቀቅ ወይስ ልቆይ? የድሬና የሐረር ሠራተኞች ጥያቄዎች

የመልቀቂያ ደብዳቤ በእጅ ቢጻፍ ይሆናል?

ይሆናል። ቅጂው ላይ ግን «ተቀብያለሁ» ተብሎ ይፈረምልዎ።

መልካ ጀብዱ ፋብሪካ የምትሠራ እህት፦ ደመወዟ 9,000 ብር ነው፣ ምሳና ሰርቪስ አላት። ከዚራ ያለ ድርጅት 11,500 ብሏታል፤ 6,500ው ደመወዝ፣ 5,000ው አበል። አራት ዓመት ከስምንት ወር ሠርታለች። «ምን አስቀመጠኝ?» ትላለች።

አቦ፣ ቆይ እስቲ! ጭማሪው 2,500 ነው። ምሳና ሰርቪስ ሲቀር በቀን 100 ብር ብቻ ብታወጪ፣ በ26 የሥራ ቀን 2,600 ይሄዳል። ገና ከመነሻው 100 ብር ከሰርሽ።

አበል ደግሞ ደመወዝ አይደለም። የጡረታ መዋጮ የሚሰላው በደመወዙ ነው፤ የአሠሪሽ 11 በመቶ ዛሬ 990 ብር ነው፣ እዚያ 715 ይሆናል። የትርፍ ሰዓት ክፍያሽም በ6,500ው ይታሰባል።

የሚያስቆጨው ግን አምስት ዓመት ለመሙላት የቀረሽ አራት ወር ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የሚያገኘው አምስት ዓመት ሲሞላው ነው፣ ያውም ሠልጥኖ የማገልገል ውል ከሌለበት። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተከታዩ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ላንቺ 9,000 ሲደመር አራት ጊዜ 3,000፣ 21,000 ብር። ዛሬ ብትወጪ ግን ባዶ እጅሽን ነው። ከመልቀቅሽ በፊት ለአሠሪሽ የምትሰጪውን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያም አምስት ዓመቱ ከሞላ በኋላ አስገቢ፤ ቀድመሽ ሰጥተሽ «በይ ሂጂ» ቢሉሽ ክርክር ውስጥ ትገቢያለሽ።

ከዚያ በኋላም የምትሄጂ ከሆነ፣ አዲሱን አሠሪ «አበሉን ወደ ደመወዝ አዙሩልኝ» በይው። እምቢ ካለ ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶሻል።

ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ ስለቅ ይቃጠላል?

አይቃጠልም፣ በገንዘብ ይከፈላል።

የሐረር አስተናጋጅ፦ ሳልናገር ወጣሁ፤ የሥራ ልምድ ከለከሉኝ።

ሳይናገሩ መውጣትዎ ጥፋት ነው፤ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ሊያስከፍልዎ ይችላል። የሥራ ልምድ ግን መያዣ አይደለም። የሥራዎ ዓይነት፣ ዘመኑና ደመወዙ ተጽፎ ያለ ክፍያ ሊሰጥዎ ይገባል። ካስቸገሩ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አለ።

ጆንያ ተሸካሚ አባት፦ ሥራ ላይ ወገቤ ተጎዳ፤ የጥበቃ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ልልቀቅ?

ገና አይልቀቁ፣ አባቴ። በመጀመሪያ ሐኪም ይይዎ፤ ጉዳቱ በሥራ ላይ መድረሱ በጽሑፍ ይመዝገብ። የአካል ጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው፤ ካሳውም በዚያ ላይ ይቆማል። ከለቀቁ በኋላ «ወገብህ ሌላ ቦታ ነው የተሰበረው» ቢሉዎ ማስረዳቱ ይከብዳል። እዚህ የጻፍኩት አይበቃዎትም፤ የሕክምና ወረቀቱን ይዘው የሕግ ባለሙያ ሳያናግሩ ምንም ነገር ላይ እንዳይፈርሙ።