አንባቢያን ይጠይቃሉ፦ ጋዝ እያለ እንጨት የሚነደው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ደባርቅ ላይ አነስተኛ የአስጎብኚ ሥራ አለኝ። ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጡ እንግዶች ሁልጊዜ ቡታጋዝ እጭናለሁ። ቢሆንም ጊጭና ጨነቅ ካምፕ ላይ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ሲነድ ያድራል። ጋዙ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እየደከመ ቁርስ ያዘገያል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ በእሳቱ እንጀምር። ሌሊት የሚነደው እንጨት ወጥ አይሠራበትም፤ ሰው ይሞቅበታል። እንግዳው በስሊፒንግ ባግ ተጠቅልሎ ሲተኛ ስካውቱ (የፓርኩ ጠባቂ) እና በቅሎ ጫኙ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ በአንድ ጋቢ ያድራሉ። በበጋ ወራት እዚያ ላይ ቅዝቃዜው ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ለእንግዳው ብቻ ጋዝ መጫን ችግሩን አይነካውም። አስታ እየተቆረጠ ይቀጥላል፤ አስታ ደግሞ በዚያ ብርድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ በአንድ ሌሊት የነደደውን ለመተካት ብዙ ዓመት ይፈልጋል።

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ለሁሉም ደግሞ አንድ ሰፊ ድንኳን ይያዙ። ስፖንጁ ሥር ላስቲክ ይነጠፍ፤ ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነውና። የሠራተኛው ራትና ሻይም በጋዙ ይሠራ። ይህን ወጪ ከመነሻው በጉዞው ዋጋ ውስጥ ያስገቡ። በኋላ ላይ ከተቀነሰ መጀመሪያ የሚቀነሰው የጫኙ ብርድ ልብስ ነው። የግድ እሳት ካስፈለገ ከከተማ የተገዛ ባሕር ዛፍ ይዛችሁ ውጡ።

የጋዙ መድከም ከቅዝቃዜው የመጣ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ቡቴን ከሆነ፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ እንፋሎት መቀየሩን ያቆማል ማለት ይቻላል። ሲሊንደሩን በቀጥታ መሬት ላይ አያስቀምጡት፤ ጣውላ ላይ ያቁሙት። ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ቢቆም ይነቃል። እሳት አጠገብ ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ሰው በሚተኛበት ድንኳን ውስጥም አይነድ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ከሁሉ የሚቀለው ማታ አፍልቶ ሁለት ባለ 3 ሊትር ፔርሙዝ ሞልቶ ማደር ነው፤ የቁርሱ ሻይ ጋዙን አይጠብቅም።

የምግብ ዝርዝሩንም ይዩት። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አደንጓሬና ሽምብራ ያለ ፕሬዠር ኩከር ቢንተከተኩ ውለው አይበስሉም፤ ጋዙ ግን ያልቃል። ሽሮ፣ ምስርና ፓስታ ይሻላሉ። ምድጃው ነፋስ መከለያ ከሌለው ደግሞ ግማሹ ሙቀት ሜዳ ላይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ምግብ አብሳያችን ቆሻሻውን ጉድጓድ ቆፍሮ ይቀብራል፣ ፕላስቲኩን ያቃጥላል። ይህ ስህተት አለው?

መልስ፦ አለው። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሥር ቆፍረው የሚበሉ እንስሳት ስለሆኑ የተቀበረ የምግብ ትራፊ አይጠፋቸውም፤ ቁራም ያግዛቸዋል። የላስቲኩ ቃጠሎም በነፋስና በብርድ ስለማያልቅ ግማሹ ቀልጦ ሣሩ ላይ ይጣበቃል። የብርቱካን ልጣጭ እንኳ እዚያ ብርድ ውስጥ ቶሎ አይበሰብስም።

ሥራው ያለው ከመነሻው ከደባርቅ ነው። ሩዙን፣ ስኳሩን፣ ብስኩቱን ከማሸጊያው አውጥታችሁ በጨርቅ ከረጢትና በክዳን ዕቃ ጫኑ። ሁለት እንግዶች እያንዳንዳቸው በቀን 3 ሊትር ቢጠጡ በአራት ቀን 24 ሊትር፣ ማለትም አሥራ ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይሆናል። በምትኩ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያዙና ውሃውን አጣርታችሁ ቢያንስ 3 ደቂቃ አፍሉት። በክሎሪን የምታክሙ ከሆነ የደፈረሰውን መጀመሪያ በጨርቅ አጥሉ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ መድኃኒቱ ስለሚዘገይ በማሸጊያው ከተጻፈው ጊዜ በላይ ጠብቁ።

ሁለት ጆንያ ያዙ፤ አንዱ ለሃይላንድና ለቆርቆሮ፣ አንዱ ለቀረው። «በቅሎው ላይ ቦታ የለም» የሚባለው ሰበብ ነው። ስንቁ ስላለቀ በመልሱ ጭነቱ ይቀላል። ለጫኙ የጆንያ ሒሳብ ከጉርሻው ለይታችሁ፣ ደባርቅ ላይ ጆንያው ሲታይ ክፈሉ። ባዶ ሃይላንድ በመንገድ ለልጆች ማደልም ቸርነት ይመስላል፤ ልጆቹ ግን ከትምህርት ቀርተው መኪና መጠበቅ ይለምዳሉ።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ክረምት ሲያልፍ ልጆቼን ይዤ ሰሜን ተራሮች መሄድ አስባለሁ። ድርጅቶቹ ሁሉ «ለተፈጥሮ እንጠነቀቃለን» ይላሉ። እንዴት ልለይ?

መልስ፦ ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ሠራተኞቹ በምን ላይ ይተኛሉ፣ ቆሻሻው የት ይደርሳል፣ ለስካውት፣ ለጫኝና ለአብሳይ በቀን ስንት ይከፈላል። ጠንቃቃ ድርጅት ሦስቱንም በቁጥር ይመልሳል፤ «ሁሉም ተካቷል» ካለዎት ሌላ ይፈልጉ። ርካሹ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከጫኙ ድርሻ ተቀንሶ ነው። ለልጆችዎም አስቀድመው ይንገሩ፤ ጭላዳ ዝንጀሮ ሰው ቢለምድም ዳቦ አይሰጠውም። የሚኖረው በሣር ነው፤ የሰው ምግብ የቀመሰ መንጋ ካምፕ መዝረፍ ይጀምራል። ብስኩቱን ቦርሳ ውስጥ ዘግተው ይያዙ።