ናይትሮጅን ይተነበያል ወይስ ይቀመራል?

ጥያቄ፦ «እዚሁ ጅማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። "ሳይንቲስቶች ብዙ ኃይል የሚያከማቹ አዳዲስ የናይትሮጅን ቁሶችን ተነበዩ" ብዬ ብጽፍ ባልደረባዬ "ነቢያት ናቸው እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። "ገመቱ" ልበል?»

መልስ፦ መምህር፣ ባልደረባዎ መሳቃቸው ልክ ነው። ይሄ ቃል እኔንም ሲያንገበግበኝ ነው የኖረው። ተነበየ የነቢይ ግስ ነው፣ ሥሩ ነ-በ-የ። ዕብራይስጡ ናቪ ይላል፣ ዐረብኛው ነቢይ፤ ለመውሊድ ጅማ ላይ «ነቢ» ሲባል የምንሰማውም ይኸው ነው። ትንሽ ራቅ ካልን አካድኛ ላይ ናቡ «ጠራ፣ ሰየመ» ማለት ነው። ነቢይ እንግዲህ የተነገረውን ይናገራል እንጂ አያሰላም።

እነዚህ ሳይንቲስቶች ግን ሥራቸው ስሌት ነው። የምንተነፍሰው ናይትሮጅን ሁለት አተሞቹ በሦስት እጥፍ ትስስር የተቆላለፉ ናቸው፤ እሱን ለመበጠስ በሞል 945 ኪሎጁል ገደማ ኃይል ይፈልጋል። ነጠላው ትስስር 160 ገደማ ብቻ ነው፣ ሦስቱ ቢደመሩ እንኳ 480። ስለዚህ አተሞቹን በነጠላ ትስስር ብቻ አያይዞ ማቆየት ከተቻለ፣ ወደ ጋዝነታቸው ሲመለሱ ልዩነቱን ሁሉ ይለቁታል። እ.ኤ.አ. በ1992 ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ ጠጣር ናይትሮጅን ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚኖረው በስሌት አወጡ፤ ያኔ ያየው ሰው አልነበረም። በ2004 ጀርመን፣ ማይንዝ ላይ፣ ከ110 ጊጋፓስካል በላይ በሆነ ግፊትና ከ2000 ኬልቪን በላይ በሆነ ሙቀት ተሠራ። ይሄን ትንቢት ልበለው?

«ገመቱ ይበቃል» የሚሉም አሉ። አይበቃም። ግምትማ የቡናውን አበባ አይቶ «ዘንድሮ ይሄን ያህል ኩንታል» የሚል ገበሬ ነው፤ ዓይንና ልምድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይሠምራል፣ ግን ስሌት አይደለም።

የእኔ ምርጫ «ቀመሩ» ነው። ቀመር የባሕረ ሐሳብ ቃል ነው፣ በዓል የሚወጣበት። ከዐረብኛው ቀመር፣ ከጨረቃ ጋር የሚያዛምዱት አሉ፤ ይጥመኛል፣ ስለዚህ አልከራከርም። ከዚያው ቀ-መ-ረ ቁማርም ይመዘዛል። ይህን ካነሱብኝ ዝም ነው የምለው።

ደግሞ ሜትሮሎጂ ቀድሞኛል። «የአየር ሁኔታ ትንበያ» ሲባል ኤርምያስ ትዝ የሚለው ሰው የለም፤ ትንቢት ለነቢይ፣ ትንበያ ለባለሙያ ተብሎ ቃሉ ለሁለት ተከፍሏል። የከፈለውም ተናጋሪው ነው፣ እኛን ማንም አልጠየቀንም። ይሁን፣ ስሙን ለቅቄያለሁ። ግሱ ግን ለሁለቱም አንድ ሆኖ ቀርቷል፣ ባልደረባዎን ያሳቃቸውም እሱ ነው። «በስሌት ተነበዩ» ቢሉ ማንም አይስቅብዎትም። እኔ «ቀመሩ» ብዬ እጽፋለሁ፣ አራሚው ካላወጣብኝ።

«ኃይል ነው ጉልበት?» ብለው ስላልጠየቁኝ ደግሞ አመሰግናለሁ፤ እሱ ከተነሳ ይመሽብናል።