ስለ ሂፐርምኔስትራ ጠይቁኝ

የግሪክ አፈ ታሪክ ልዕልቶች ሲነሱ ሄለንና ሜዴያ ቀድመው ይጠራሉ። ዛሬ ግን ስለ ግሪኳ ከተማ ስለ አርጎስ ልዕልት ሂፐርምኔስትራ እናውራ።

ጥ፦ ማን ናት?

መ፦ የዳናዎስ ልጅ ናት። ዳናዎስ 50 ሴቶች ልጆች ነበሩት። መንትያው አይጊፕቶስ ደግሞ 50 ወንዶች። አይጊፕቶስ ልጆቹን ለወንድሙ ልጆች ልዳር አለ። ዳናዎስ አላመነውም። ሴቶቹን በመርከብ ይዞ ወደ አርጎስ ሸሸና እዚያ ነገሠ። ወንዶቹ ተከትለው መጡ።

ጥ፦ ሰርጉ ላይ ምን ሆነ?

መ፦ አባትየው ጋብቻውን እሺ ብሎ ለእያንዳንዷ ልጁ ጩቤ ሰጠ። በዚያች ሌሊት 49ኙ ባሎቻቸውን ገደሉ። ሂፐርምኔስትራ ብቻ ባሏን ሊንኬዎስን አተረፈችው።

ጥ፦ ወዳው ነው?

መ፦ እንደዚያ የሚሉ አሉ። ሌላው ትረካ ግን ድንግልናዋን ስላከበረላት ነው ይላል። እኔን የሚያሳምነኝ ይሄ ነው። ሴቶቹ የሸሹት በግድ መዳርን ነው። እሱ ደግሞ አላስገደዳትም። ታዲያ በወንድሞቹ ጥፋት ለምን ትግደለው?

ጥ፦ አባቷስ ዝም አላት?

መ፦ ኧረ አሰራት፣ ለፍርድም አቀረባት! በ2ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. አርጎስን የጎበኘው ግሪካዊው ተጓዥ ጸሐፊ ፓውሳንያስ እንደጻፈው፣ አርጎሳውያን በነፃ ለቀቋት። እሷም ለፍቅር አምላክ ለአፍሮዲት ሐውልት አቆመች። እኔ በጣም የምወደው የችቦውን ታሪክ ነው። ሊንኬዎስ አምልጦ ሊርኬያ የምትባል ከተማ ሲደርስ ችቦ ለኮሰ። እሷም ከላሪሳ አምባ ላይ ችቦ አንስታ መለሰችለት። ሁለቱም መትረፋቸውን የተነጋገሩት እንዲህ ነው። አርጎሳውያን ለዚህ መታሰቢያ በየዓመቱ የችቦ በዓል ያከብሩ ነበር።

ጥ፦ በሲኦል የሚያፈስ ጋን ሲሞሉ የሚኖሩት እነሱ ናቸው?

መ፦ ባሎቻቸውን በመግደላቸው የተቀጡት እህቶቿ ናቸው፣ እሷ የለችበትም። ሠዓሊዎች ግን ጋኑን ወደዱት። ገዳዮቹ ታወቁ፣ ያዳነችው ተረሳች። ይሄ ያናድደኛል።

ጥ፦ ከኢትዮጵያ ጋር ትገናኛለች?

መ፦ በዘሯ በኩል። አባስን ወለደች፤ አባስ አክሪሲዮስን፣ አክሪሲዮስ ዳናኤን፣ ዳናኤ ፐርሴዎስን። ፐርሴዎስ የአይቲዮፒያውን ንጉሥ ልጅ አንድሮሜዳን አገባ። የግሪኮቹ አይቲዮፒያ ግን የዛሬዋን አገራችንን ብቻ የሚያመለክት አይደለም። እንዲያውም የአንድሮሜዳን ታሪክ ኢዮጴ ላይ፣ በዛሬዋ ጃፋ፣ የሚያደርጉት አሉ።

ጥ፦ ተውኔት የለም?

መ፦ የጥንቱ ግሪካዊ ተውኔት ጸሐፊ ኤስኪለስ ስለ ዳናዎስ ቤተሰብ ተከታታይ ትራጄዲዎች ጽፎ ነበር። በሙሉ የተረፈው አንዱ ነው፤ እሱም አርጎስ መድረሳቸውን ብቻ ይተርካል። የሰርጉ ሌሊት ጠፍቷል። ከመጨረሻው ተውኔት አፍሮዲት ስለ ፍቅር የምትናገረው ጥቂት መስመር ቀርቷል።