ስለ ወባ ፈጣን ምርመራ ጠይቁኝ (ቡናው እስኪፈላ)

ላብራቶሪው፦ ሰላም ናችሁ። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ጥቂት ዓመታት ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡም ወደ ባቲም እየወረድን፣ ከየቅሬው (ከየእድሩ) ጋር ሆነን በኪት፣ ማለትም በጣት ደም ወባን በደቂቃዎች በሚለይ መመርመሪያ፣ ወባ ስንመረምር ኖረናል። ስለ ኪቱ፣ ስለ አነባበቡ፣ ሰፈር ድረስ ስለማውረዱ ጠይቁ። የመድኃኒት መጠን አልመልስም። ከወዲሁ አንድ ነገር፦ ሰዓት ሳትይዙ ኪት አታንብቡ።

ጦሳ፦ ዶክተር፣ ይሄ ኪት ግን ይታመናል?

ላብራቶሪው፦ ዶክተር አይደለሁም። የትኛው ኪት? የት የተቀመጠ? ማን ያነበበው? ጥያቄህን አጥራና ተመለስ።

እመ ሰይድ፦ እኛ ጋ ጤና ኬላው ሩቅ ነው። ልጄን ሲያተኩሰው አዝዬ ወጥቼ ስደርስ “ኪት አልቋል” እባላለሁ። በቅሬ ይሠራል ያልከው እንዴት ነው?

ላብራቶሪው፦ አብሽሪ እናቴ፣ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። መጀመሪያ እኛም እንደ ሁሉም ሰው ነው የጀመርነው። ለቀበሌ ደብዳቤ፣ በድምፅ ማጉያ ጥሪ፣ ከዚያ ጤና ኬላ በር ላይ ቁጭ። የሚመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት “እዚህ ምን ትሠራላችሁ፣ እኛ ያለነው ቅሬ ላይ” አለችን። እውነቷን ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀብርበት፣ ማን እንደቀረ ወዲያው የሚታወቅበት ቦታ ሌላ የት አለ?

የቀብር ቀን አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ። የስብሰባ ቀን፣ መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት። የምንመረምረው ትኩሳት ያለበትን ወይም ሰሞኑን የነበረበትን ብቻ ነው። ሰው መጀመሪያ ፈራ። “ደማችንን ለኤች አይ ቪ ነው የምትወስዱት” አሉ። ስለዚህ ኪቱን ደበቅ አላደረግንም፣ በርጩማ ላይ በሁሉም ፊት አስቀመጥነው። ደሙ 5 ማይክሮሊትር ነው፣ ከምስር ፍሬ ያንሳል። ስልክ ላይ ሰዓት ሞላን። ደቂቃው ሲደርስ ሁሉም አንገቱን አስግጎ መጣ። ወባ እንዳለ የምታሳይ ቀጭን፣ ፈዘዝ ያለች መስመር ወጣች። አንዷ “ይቺማ ትንሽ ወባ ናት” አለች። ትንሽ ወባ የለም! የፈዘዘችም መስመር መስመር ናት።

ስለ “አልቋል” ደግሞ፦ የኪቱን ቁጥር የቅሬው ጸሐፊም በደብተሩ እንዲይዝ አደረግን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በቀበሌ በአብዛኛው ሁለት ናቸው፣ ሥራቸው ብዙ ነው። ጸሐፊው “ሊያልቅ ነው” ብሎ ሲጨቀጭቅ ግን ከወረዳ ቶሎ ይመጣል።

ቃሉ፦ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ መስመር ቢወጣስ?

ላብራቶሪው፦ አይነበብም። አንዳንዱ ኪት 15 ደቂቃ ይላል፣ አንዳንዱ 20፣ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል። የሆነ ቦታ ጧት መስኮት ላይ የተተወ ኪት ከሰዓት በኋላ ተነቦ “ፖዘቲቭ” ተብሎ መዝገብ ላይ አየሁ። ልጁ ወባ አልነበረበትም። ኪቱ መሥራቱን የሚያሳየው የ“ሲ” መስመር ካልወጣ ደግሞ ውጤት የሚባል ነገር የለም፣ በአዲስ ኪት ይደገማል። ከአንዱ ኪት ጋር የመጣውን የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ለሌላው ኪት አትጠቀሙ። ፀሐይ ላይ ቆርቆሮ ሥር አታስቀምጡ። ሰዓት ያዙ።

ሰኞ ገበያ፦ ታክሜ ድኛለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመረመር አሁንም አለብህ አሉኝ። መድኃኒቱ ፎርጂድ ነው?

ላብራቶሪው፦ ላይሆን ይችላል። ብዙው ኪት የሚፈልገው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ የሚለቀውን ኤችአርፒ 2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ተውሳኩ ሞቶም ፕሮቲኑ ደም ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። በማይክሮስኮፕ ይታይልህ።

አዝዋ ገደል፦ ተቃራኒውስ? ወንድሜ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ተመልሶ እየተንቀጠቀጠ ኪቱ ነጌቲቭ አለ።

ላብራቶሪው፦ ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። አንዳንዱ ፋልሲፓረም ያንን ፕሮቲን የሚሠራበት ጂን የለውም፣ ጠፍቶበታል። ኪቱ የሚፈልገው ነገር ከሌለ ምኑን ያገኛል? እ.ኤ.አ. በ2010 ከፔሩ ነው መጀመሪያ የተዘገበው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ በእኛው አገር ድንበር አካባቢዎች፣ አማራን ጨምሮ፣ እንዳለ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት ከፋልሲፓረም ታማሚዎች የሚያመልጠው 5 በመቶ ከደረሰ ኪቱ ይቀየር ይላል። ስለዚህ ሌላ ፕሮቲን የሚፈልግ ኪት ያስፈልጋል። የወሎ ልጅ ለአጨዳ መተማና ሑመራ ወርዶ ይመለሳል፣ ስለዚህ መርማሪው “ሰሞኑን የት ነበርክ?” ሳይል ጣት መውጋት የለበትም። ወንድምህን ዛሬውኑ ማይክሮስኮፕ ያለበት ውሰደው። ነገ አትበል።

ጦሳ፦ ስለዚህ አይታመንም ማለት ነው።

ላብራቶሪው፦ አላልኩም። ከላይ አንብብ።

እመ ሰይድ፦ አያቴ ግን ወባ ከበቆሎ እሸት ነው ትላለች።

ቃሉ፦ ኧረ እመ ሰይድ፣ በዚህ ዘመን?

ሰኞ ገበያ፦ ምን ያስቃል? እኛም ቤት እሸት ሲደርስ ነው ሁሉም የሚተኛው።

ቃሉ፦ ወቅቱ ስለሆነ ነዋ! ከመስከረም ጀምሮ ውኃው ይቋጥራል።

ሰኞ ገበያ፦ አንተ ከተሜ ነህ፣ እሸት የምታየው መንገድ ዳር ተጠብሶ ነው።

ላብራቶሪው፦ ተዉ እንጂ። እሸት መብላት ወባ አያመጣም፣ የምታመጣው ትንኝ ናት። ግን አያትሽን አትናቋት። የበቆሎ አበባ ብናኝ ኩሬ ላይ ሲያርፍ የወባ ትንኝ እጭ ይመገበዋል፣ ይፋፋበታል። ቡሬ በኩል በጥናት ታይቷል። አሮጊቷ ጊዜውንም ቦታውንም አውቃዋለች፣ የሳተችው አፉን ብቻ ነው። ወደ ኪቱ እንመለስ።

አዝዋ ገደል፦ ደሴ ላይ ወባ አለ?

ላብራቶሪው፦ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ወባ በአብዛኛው ከ2,000 በታች ነው። ግን ሚኒባስ አለ፣ ታማሚው ከቆላ ይወጣል።

ቃሉ፦ የኤች አይ ቪ ራስን መመርመሪያስ፣ የምራቁ?

ላብራቶሪው፦ አለ። ፖዘቲቭ ካለ ጤና ተቋም ይረጋገጣል። ርዕሴ አይደለም።

ጦሳ፦ ይቅርታ፣ 15 ደቂቃ ነው ወይስ 30? ግማሽ ሰዓት ብጠብቅ የበለጠ አይጣራም?

እመ ሰይድ፦ አንተ ልጅ! ሳጥኑ ላይ ያለውን ብሎሃል እኮ። ሰዓት ያዝ!

ላብራቶሪው፦ እመ ሰይድ ትቀጥል። አቦሉ ቀርቧል፣ ወንድምህ ግን ምን ሆነ፣ አዝዋ ገደል?

አዝዋ ገደል፦ መኪና ይዘናል። እየሄድን ነው።